ኦቦ ቶለራ ያልጨረሱት ዜማ

ልጅ ሳለሁ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ በቅሎባታል» ትላለች፤ መምህሩ አባቴ ደግሞ ክፍል ውስጥ የሚቆጣበትን ድምፅ እቤት ድረስ ይዞት እየመጣ «ሰናይት፣ እግርሽን!» ይለኛል። እግሬ ግን እንኳን የአባቴን የእኔንም ትእዛዝ አይሰማም ነበር። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ በመጣባት ነቀምት፣ እኔን አንድ ቦታ ማስቀመጥ የቻሉት ሰው ጎረቤታችን ኦቦ ቶለራ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ያስቀመጡት ገላዬን እንጂ ልቤን አልነበረም። ልቤንማ እንዲያውም አባሱት።

ኦቦ ቶለራ ከከተማችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ለረጅም ዘመን ኦርጋን ሲጫወቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ኦርጋን ስል በሁለት እግር እየተረገጠ ነፋስ የሚሞላውን፣ ካልረገጡት ትንፍሽ የማይለውን የድሮውን የእንጨት ሳጥን ማለቴ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ ሲገዛ አሮጌው ለእሳቸው ተሰጠ፤ ጎረምሶች ተሸክመው አመጡትና የሳሎኑን ግማሽ ያዘው። ባለቤታቸው አዴ ድንቂቱ «በስተርጅና ጣውንት አመጡብኝ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ያኔ ነቀምት ላይ መብራቱ ከሚመጣበት ማታ የሚጠፋበት ይበዛ ነበር። እኔ ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱም መብራት ከሌለ የቤት ሥራ የለም፣ የቤት ሥራ ከሌለ ደግሞ አጥሩን ሾልኬ ኦቦ ቶለራ ቤት እገባለሁ። እናቴ፣ የቅዱስ ገብርኤልን ደጅ የማትለየዋ እናቴ፣ ከኋላዬ «ተረቱን ስሚ፤ መዝሙሩን ግን ይዘሽብኝ እንዳትመጪ!» ትለኛለች። እዚያ ፋኖሱ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጧል። ኦቦ ቶለራ ወፍራም ወፍራሞቹን ድምፆች ሲነኩ የፋኖሱ ብርጭቆ ይንቀጫቀጫል፣ ነበልባሉ ይርገበገባል፣ የእኛም ጥላ ግድግዳው ላይ አብሮ ይርገበገባል። አዴ ድንቂቱ የበቆሎ እሸት ከሰል ላይ ያገላብጣሉ፤ ፍሙ በፈነዳ ቁጥር እኔ ከበርጩማዬ እዘላለሁ፣ የልጃቸው ልጅ ለሊሴ ደግሞ ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ትጎትተኛለች። እኔና ለሊሴ እኩያ ነበርን፤ እሷ ግን ስትቀመጥ እንደ ተተከለ ጉቶ ነበረች፣ በዚህም እቀናባት ነበር።

ኦቦ ቶለራ ተረት የሚጀምሩት እንደ አገሩ ወግ ነበር። «ዱሪ ዱሪ» ይላሉ፣ ድሮ ድሮ ለማለት፤ እኛ «ኤዬ» ካላልን አይቀጥሉም። ቀን በፀሐይም ብንለምናቸው አንዲት ቃል አይወጣቸውም፤ «ቀን ተረት ያወራ ከብቱ ይጠፋበታል» ይሉናል። እኛ ቤት ከድመት በቀር እንስሳ አልነበረም፣ እኔ ግን ለድመቷም እፈራላት ነበር። ታዲያ ተረታቸው የጅብና የቀበሮ አልነበረም። በእሳቸው ተረት ውስጥ የሚገቡት በጀርመንና በፖላንድ፣ በሩቅ አገርና በሩቅ ዘመን፣ ሙዚቃ ሲደርሱና ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ስለነሱ የሰሙት በጎልማሳነታቸው ኦርጋን ካስተማረቻቸው የውጭ አገር ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተሯ» ከሚሏት ሴት ነው። የሰዎቹን ስም ግን አይጠሩም። «ስም ለምላስ ሲከብድ ተረቱ ያነክሳል» ብለው እኛ ሰፈር ወንዱ ሁሉ የልጁ አባት እየተባለ እንደሚጠራው ለእነሱም የራሳቸውን ስም አወጡላቸው።

አባ ኢጆሌ ነበር፣ የልጆች አባት፤ ሃያ ልጅ ወልዷል ይባላልና። ይህ ሰው በወጣትነቱ አንድ ሽማግሌ ኦርጋን ሲጫወት ለመስማት ብሎ ከነቀምት ደምቢ ዶሎ ደርሶ እንደ መመለስ ያለ መንገድ በእግሩ ሄደ፤ ከአለቃው ትንሽ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሙዚቃው ሲጥመው እዚያው ወራት ቆየ። «ከሥራ አላባረሩትም?» ብዬ ጠየቅሁ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኛ። አባ ኦኔም ነበር፣ የልብ አባት፤ በሰው አገር ሲሞት ልቤን አገሬ አድርሱልኝ ብሎ፣ እህቱ ልቡን በጠርሙስ አድርጋ ከቀሚሷ ሥር ደብቃ ኬላውን አሳለፈችው። ለሊሴ በዚህ ሁልጊዜ ታለቅስ ነበር፣ አባ ኦኔም የሷ ሆነ። ሌላው ደግሞ የቫዮሊኑ ክሮች አንድ በአንድ እየተበጠሱበት በቀረችው አንዲት ክር የጨረሰው ነው። እኔ «ማሲንቆስ ከመጀመሪያው አንድ ክር አይደለ ያለው? ምኑ ይገርማል?» ብል ኦቦ ቶለራ ከሳቁ ብዛት እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሱ፤ ኦርጋኑም አብሯቸው ተንፈስ አለ።

የእኔ ግን ደንቆሮው ነበር። ጆሮው ሲጠፋ የፒያኖውን እግሮች ቆርጦ ወለል ላይ አስቀመጠው፣ ድምፁንም በገላው ሰማው። ከዚያ በላይ የወደድኩት አለመርጋቱን ነው፤ ቤት በየጊዜው ይቀይራል፣ ሲቀመጥ ይነሳል፣ ዝናብ ሳይል ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። «እንደዚች ልጅ ነበር» ብለው ኦቦ ቶለራ በአገጫቸው ያሳዩኛል። እኔም ኦርጋኑ ሲጫወት ወለሉ ላይ ተጋድሜ ጉንጬን እንጨቱ ላይ አደርግ ነበር። ከሙዚቃው ይልቅ የመርገጫው ሲጢጥታ ነበር የሚሰማኝ።

ተረቱ ሲያልቅ ኦቦ ቶለራ አብረው እያንጎራጎሩ ሁልጊዜ አንድ ዜማ ይጫወታሉ። የአባ ኢጆሌ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ረጋ ያለ፣ ያለ ሐሳብ በሜዳ የሚሄድ ሰው ያለበት ይመስላል። ሁለተኛው ይጨልማል፣ ይወጣል፣ ይጨነቃል፤ ከዚያም አንድ የማያሳርፍ ቦታ ላይ ይደርስና ኦቦ ቶለራ እጃቸውን ያነሳሉ። አለቀ። ማለቴ፣ አላለቀም። ሲስተሯ የምታስተምራቸው በወረቀት አልነበረም፤ እሷ ትጫወታለች፣ እሳቸው እያዩና እየሰሙ ይደግሙታል። ይህን ዜማ እዚህ ድረስ አስተምራ «መጨረሻውን በሚቀጥለው ሳምንት» አለቻቸው። ዘመኑ የደርግ ነበርና ሳምንቱ ሳይደርስ ከአገር ውጪ ተባለች፣ ወጣች። ኦቦ ቶለራ ከራሳቸው መጨረሻ ሊቀጥሉለት ቢሞክሩም ደስ አላላቸውም። «ሐር በሐር ይጣፋል እንጂ በጆንያ አይጣፍም» ብለው ተዉት።

አዴ ድንቂቱ ግን በየማታው፣ ባላቸውን በበኩር ልጃቸው በገመቺስ ስም እየጠሩ፣ «አባ ገመቺስ፣ ዛሬም መንገድ ላይ ጥለውን ገቡ?» ይላሉ።

«ነገ» ይላሉ ኦቦ ቶለራ፣ የኦርጋኑን ክዳን እየመለሱ።

እኔ ያን ያልወረደ ድምፅ ይዤው እቤት እገባለሁ፤ አብሮኝ ይተኛል። እገላበጣለሁ፣ እግሬን ከብርድ ልብስ አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። ለዜማው በአፍንጫዬ መጨረሻ እሠራለታለሁ፣ አይሆንም፣ ሌላ እሠራለታለሁ። እናቴ ከጓዳ «ምን ያንጎራጉርሻል? አልኩሽ እኮ!» ትለኛለች።

አንድ ማታ ስለ አባ ኢጆሌ አሟሟት አወሩን። ዓይኑ ጠፍቶ ነበር፤ የመጨረሻውን ሥራ እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለት ነበር። ሞት መጣና በሩ ላይ ቆመ። «ሞት ጨካኝ ነው እንጂ ባለጌ አይደለም» አሉ ኦቦ ቶለራ፣ «የሰው ጨዋታ አያቋርጥም። እስኪጨርስ ብሎ ከደጅ ጠበቀው።»

«ኤዬ» አልን።

«ሽማግሌው አወቀበት። ቶሎ አልጨረሰም፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። አንድ ቀን ግን ደከመውና ጸሐፊውን ‹ብዕሩን አስቀምጥ› አለው። ሞት ያለቀ መሰለውና ገባ።»

ለሊሴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ እኔ በሩን አየሁ። ኦቦ ቶለራ ሽማግሌ ነበሩ፣ ዜማቸውም አላለቀም። እንግዲያውስ ሞት ደጅ ቆሞ እየጠበቃቸው ነው ማለት ነው፤ መጨረሻው እስካልተገኘ ድረስ አይገባም። ከዚያ ማታ ወዲህ ወደ ቤቴ ስመለስ በአጥራቸው በር በኩል ሳልሄድ በጓሮ መዞር ጀመርኩ። መጨረሻውን የመስማት ጉጉቱ ግን አልለቀቀኝም። በአንድ ልብ መጨረሻውን መናፈቅና በዚያው ልብ መፍራት ምን ያህል እንደሚያንቆራጥጥ የማውቀው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሊጎበኙ ከውጭ እንግዶች መጡ፤ የኦቦ ቶለራን ቤትና አሮጌውን ኦርጋንም እናያለን አሉ። ኦቦ ቶለራ ጢማቸውን ተላጩ፣ የሠርጋቸውን ኮት ለበሱ። አዴ ድንቂቱ «ዛሬ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም፣ ይጠይቁ! አፍረው እንዳይቀሩ!» ይሏቸዋል። እኔ መስኮቱ ሥር ሆኜ፣ እናቴ ያስተማረችኝን ጸሎት ሁሉ እየደባለቅሁ፣ እባክህ ገብርኤል አንዳቸውም አይወቁት እል ነበር። ኦቦ ቶለራ ተጫወቱ። ሁለተኛው ክፍል ተጨነቀ፣ ወጣ፣ ቆመ። እጃቸውን አንስተው ወደ እንግዶቹ ዘወር አሉ፣ ቀጥሎስ እንደሚል ሰው። እንግዶቹም አጨበጨቡ። አጨብጭበው፣ እጃቸውን ጨብጠው፣ ፎቶ አንስተው ሄዱ።

«ምነው ሳይጠይቁ?» አሉ አዴ ድንቂቱ።

«ላጨበጨበ ሰው ‹አላለቀም› ይባላል?» አሉ ኦቦ ቶለራ። ኮታቸውን ሳያወልቁ እስኪመሽ ተቀመጡ። እኔ ጸሎቴ ሰምሮልኝ ሳለ ፊታቸውን ሳይ ደስታውም ኀዘኑም ስለከበደኝ ሮጬ ወጣሁና እስኪደክመኝ ግቢውን ዞርኩት።

አድጌ አዲስ አበባ ገባሁ፤ እዚያው ተማርኩ፣ እዚያው ሥራ ያዝኩ። አዴ ድንቂቱ ያረፉት ወደ ወለጋ መንገዱም ስልኩም በተቋረጠበት ጊዜ ነበርና መርዶው የደረሰኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስልኩ ሲመለስ ለሊሴ ነገረችኝ። እሷ አሁን የራሷ ትዳር አላት፣ ከአያቷ ጋር እዚያው ግቢ ትኖራለች። «አካኮ ኦርጋኑን ከዘጉት ቆዩ» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው። «ካረፈችበት ቀን ጀምሮ አልነኩትም። የመጨረሻዋን ማታ እንኳ ‹ይጨርሱልኝ› ብላኝ ነበር፣ ሳልጨርስላት ሄደች፣ ይላሉ። ሌላ ነገር አያወሩም።»

እንዲህ እንዳለ አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ አንድ ድርጅት ደወልኩ። «እባክዎ መስመር ላይ ይጠብቁ» ተባልኩና ሙዚቃ ተለቀቀብኝ። ሁለተኛው ክፍል ነበር። ከወንበሬ ተነሳሁ። ተጨነቀ፣ ወጣ፣ ያቺ ቦታ ደረሰ፤ ከዚያ ስልክ የምትቀበለው ልጅ መጣች።

«ስላስጠበቅንዎ ይቅርታ። ምን ልርዳዎ?»

«እባክሽ መልሰሽ አስጠብቂኝ።»

«አቤት?»

«ጉዳይ የለኝም። ሙዚቃውን መልሽልኝ፣ በእናትሽ።»

እግዚአብሔር ይስጣት፣ መለሰችልኝ። ዜማው ያቺ ቦታ ሲደርስ ግን ከመጀመሪያው ጀመረ። የስልክ ሙዚቃ መቼም ሲያልቅ እንደገና ይዞራል ብዬ ተናድጄ ዘጋሁት። ዜማውን ራሴ አንጎራጉሬ ቀዳሁና ሙዚቃ ለሚያስተምር ጓደኛዬ ላክሁለት፤ እሱም በማግስቱ አንድ ፒያኖ ተጫዋች የቀዳውን ላከልኝ። ተጫዋቹ እየተጫወተ አብሮ ያንጎራጉራል፣ ልክ እንደ ኦቦ ቶለራ። እዚህም ሁለተኛው ክፍል ያቺ ቦታ ደረሰ፣ ቆም አለ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ የመጀመሪያውን ክፍል እስከ ዳር ተጫውቶ አሳረፈው። ጓደኛዬ «የዚህ ዓይነቱ ሥራ መጨረሻው መጀመሪያው ነው» አለኝ። «ለብቻው የሚጨመር ነገር የለውም። ይመለሳል፣ እዚያው ያልቃል።»

መጨረሻው እጄ ገባ፣ እኔ ግን እረፍት አጣሁ። የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ሞት በር ላይ ቆሞ ዜማ እንደማይጠብቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ስልኬን በቦርሳዬ ይዤ ስሄድ የሰው ነፍስ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። ልላክላቸው እልና እተዋለሁ፣ ልደውል እልና ቁጥሩን ጀምሬ አቋርጣለሁ። በመጨረሻ ለሊሴ ደወለች። «አካኮ ደክመዋል። ያቺ የማትቀመጠው ልጅ የት ደረሰች ይላሉ።» በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አምቦ ላይ ወርጄ ቆምኩ፣ ባኮ ላይ ወርጄ ቆምኩ፤ ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ «ልጄ፣ ሆድሽን አሞሻል?» እስኪሉኝ ድረስ።

«በገ ነጋን ዱፍቴ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ ኦቦ ቶለራ፣ እንኳን በደህና መጣሽ ልጄ፤ ከወንበራቸው ሳይነሱ። ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ኦርጋኑ በአዴ ድንቂቱ ጋቢ ተሸፍኗል። ገና ሳልቀመጥ «አገኘሁት» አልኳቸው። ምኑን አላሉኝም። እጃቸውን ብቻ አነሱ።

«ገና ቀን ነው። ተረት በቀን አይወራም። ይምሽ።»

ያን ከሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ግቢውን ዞርኩ፣ የአጥሩን በር አየሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። ሲመሽ መብራት ነበር፤ ኦቦ ቶለራ «አጥፉት» አሉና ፋኖሱ ተለኮሰ። ለሊሴ ከሰሉን አቀጣጠለች። ስልኬን ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው።

«ይሄ ሰውዬ አብሮ ያንጎራጉራል» አሉ ጥቂት ሰምተው።

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ጥሩ ሰው ነው።»

ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ መሄድ ጀመሩ። ያቺ ቦታ ደረሰች። ትንፋሻቸውን ያዙ። መጀመሪያው ተመልሶ ሲገባ ቅር ብሏቸው አዩኝ። «መልሰሽ ከፈትሽው እንዴ?»

«አልነካሁትም። መጨረሻው ይሄ ነው። ወደ መጀመሪያው ይመለስና እዚያ ያልቃል።»

እስኪያልቅ ሰሙት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «እንግዲያው በየማታው ስጀምረው የትናንቱን እየጨረስኩ ነበራ?» አሉ። «ድንቂቱ ሰምታዋለች። በየማታው ሰምታዋለች!» ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ግን ጠቆረ። «የመጨረሻዋ ማታ ብቻ ነች የቀረችው። በማግስቱ አልጀመርኩላትም።»

ጋቢውን ራሳቸው አነሱት። ደግፈን አስቀመጥናቸው፣ እግራቸው ግን መርገጫውን መግፋት አልቻለም። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ መርገጫዎቹን በእግሬ ያዝኳቸው፤ ልጅ ሳለሁ «እግርሽ አይታመንም» ብለው የከለከሉኝን መርገጫ። ያልረጋው እግሬ በዕድሜው ሙሉ አንድ ሥራ አገኘ። ኦቦ ቶለራ ሁለተኛውን ክፍል አልነኩም። የመጀመሪያውን ብቻ፣ ከአዴ ድንቂቱ ጋር ካቆሙበት ቀጥለው፣ እስከ ዳር ተጫወቱትና አሳረፉት። ብርጭቆው መንቀጫቀጡን ተወ። እኔ ሳላስበው ዘወር ብዬ በሩን አየሁ።

«በሩን ምን ያሳይሻል?» አሉኝ። ልጅነቴን ሁሉ የፈራሁትን ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው ሳቁ፣ የድሮውን ሳቅ። «ይግባ እንግዲህ። ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ እሱም እግሩ ደክሞታል።»

አዲስ አበባ በገባሁ ማታ ልቤ አልቆም ብሎ ደወልኩ። ኦቦ ቶለራ ራሳቸው አነሱት። «ደህና ነኝ» አሉኝ። «ዛሬ ለሊሴ እየረገጠችልኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩት።»

«ጨረሱት?»

«ምን ቆርጦኝ! ሁለተኛው ላይ አቆምኩት። የሚያልቀው ነገ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ለሊሴ በየማታው «ጀምረዋል» የምትል አንዲት ቃል በስልኬ ትልክልኛለች። ከእነዚያ ማታዎች የቀረልኝ ምንድን ነው ብዬ ሳስብ፣ የአባ ኢጆሌ መንገድና የአባ ኦኔ ልብ ትዝ ይለኛል፣ የተጠበሰው እሸት ይሸተኛል፤ ከሁሉም በላይ ግን የቀረልኝ ይህ ያልረጋ ልብ ነው፣ እሱንም አልጠላሁትም። ይህን የምጽፈው አመሻሽ ላይ፣ ስልኬን ከፊቴ አስቀምጬ ነው። የዛሬዋ ቃል ገና አልመጣችም። ገና መምሸቱ ነው፣ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ እላለሁ፤ እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር መርገጥ ጀምሯል።